የሰዲር መርዶ

የዘንታር ከበሮዎች ሁሉ በአንድ ቀን ዲዳ ሆኑ።

ቀኑ ደግሞ ለዝምታ የሚመች አልነበረም። የብረት ሸንጎ የሚባሉት የጦር አለቆች ሥልጣን አስረክበው አዲስ ዘመን ሊጠባ ስለነበር፣ የመናገሻይቱ የሐመልዋ አደባባይ ጠጠር መጣያ አልነበረውም። የሸንጎው የበላይ ሊቀ ጦር ጎልማድ «ደክሞኛል» ብሎ ሰይፉን ምድር ላይ አጋድሞ ወደ ርስቱ ሄዷል። አብረውት የሄዱት ጭፍሮች ግን የደከማቸው አይመስሉም፤ ሰይፋቸውን እንደታጠቁ ነበር። በእርሱ ምትክ የተመረጠው ባለአደራ ልሳኑ፣ በሸንጎው ዘመን እስር ቤት ያረጀ ቀጭን ዳኛ፣ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ለመሐላ ቀኝ እጁን አነሣ።

«እኔ ልሳኑ፣ የዘንታርን ምድር እንደ አደራ ተቀብዬ እንደ አደራ ልመልስ፤ ባልመልስ ሰማይ ይፍረድብኝ፣ ምድር አትሸከመኝ!»

በዘንታር ሕግ የሹም መሐላ የሚጸናው ነጋሪት ሲጎሰምበት ነው። ጎሳሚው ዱላውን አነሣና አወረደ። ድምፅ የለም። ደግሞ አወረደ፤ ጥጥ የመታ ያህል ነው። የቤተ መቅደሱን ከበሮ አመጡ፣ እሱም ያው። ከአንድ ሠርግ ቤት በጥድፊያ አታሞ አስመጡ፣ እሱም ዘጋ። ሕዝቡ በመጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ግን ሳቁ ከአደባባዩ ጠርዝ ጀምሮ እየከሰመ መጣ። ምክንያቱን ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር፤ የጠፋው አፍ አውጥቶ የሚናገር ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንታር ውስጥ የነጋሪቶች ሁሉ እናት የምትባል ነጎዲት የተሰኘች ታላቅ ነጋሪት ነበረች። ሰው በአደባባይ ባለቀ ጊዜ ከሁሉ በፊት እሷ ለሐዘን ትጎሰማለች፤ እሷ ሐዘኗን ሳታወጣ ሌላ ከበሮ አይጮህም። በሸንጎው ዘመን ሕዝቡ የጨው ግብር በዛብን ብሎ በሰዲር ገበያ ተሰበሰበና የሸንጎው ጦር ወረደበት። ከገበያው የተመለሰ የለም። የነጎዲት ጎሳሚ ታምራዝ፣ ደሙን ባየ ጊዜ፣ እዚያው ገበያው መሐል የሐዘኑን ምት ጀመረ፤ ሳይጨርሰው እሱም ነጋሪቷም ጠፉ። በማግስቱ ሸንጎው አዋጅ አወጣ፦ «በሰዲር የሞተ ሰው የለም። በገበያው የተገኙት ባሕር ተሻግረው ሄደዋል፤ በሕይወት አሉ።» አዋጁ እስከጸና ድረስ ሐዘኑ ታፍኖ ሌሎቹ ከበሮዎች ይጮሁ ነበር፤ ሸንጎው በወረደበት ቀን ግን ያልወጣው ሐዘን ሁሉንም ዲዳ አደረጋቸው።

ከዚያ ወዲህ በዘንታር ሰዋስው የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። በሰዲር ስለቀረ ሰው «ነበር» ያለ ታሰረ። አስተማሪዎች ስለ ጥንት ነገሥታት ሲያስተምሩ እንኳ ለጥንቃቄ «አሉ» ማለት ጀመሩ፤ ተማሪዎቹም ያ ሁሉ ንጉሥ የት ሰፈር እንደሚኖር ይጠይቁ ጀመር። የሞተች ላሟን «ጥሩ ወተት ነበራት» ያለች ባልቴት ደጇ ድረስ ወታደር መጥቶባታል። ሸንጎው ሲወድቅ ሕጉም አብሮ ወደቀ። ልማዱ ግን አልወደቀም፣ ከሸንጎው የቆየ ነውና። የዘንታር ሰው ሞቱን ያየ ሰው መጥቶ መርዶ እስካልነገረው ድረስ የጠፋ ዘመዱን «ነበር» አይለውም፤ በአፍ መግደል ነው ብሎ ይፈራል። በሰዲር የሆነውን ያዩት ደግሞ ወታደሮቹ ብቻ ናቸው። የወታደሮቹን አንገት ሸንጎው በአስማት በተቀጠቀጠ የብረት ቀለበት አስሮታል። ያየውን ሊናገር አፉን የከፈተ ወታደር ቀለበቱ እየጠበቀ ይሄድበታል፤ ተናግሮ ሲጨርስም ነፍሱ ትወጣለች። ስለዚህ ማንም አልተናገረም።

የታምራዝ ታናሽ እኅት እልፍያ ትባላለች። አባቷ በደህናው ዘመን በሕመም ሞቶ በወግ የተቀበረ፣ እናቷ እመት ሐመር በሕይወት ያለች፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የምትገኝ ወፍራም ድምፅ ያላት ልጅ ናት። ቤታቸው ውስጥ በየቀኑ አንድ ዓይነት ወሬ ይወራል። እናቷ፣ «ታምራዝ ጎመን አይወድም» ትላለች። እልፍያ፣ «አዎ እማዬ፣ አይወድም» ትላለች። «ብርድ አይችልም፣ ያለበት አገር ብርድ ባይሆን ጥሩ ነው።» «አዎ እማዬ።» ልጅቷ በሰው ፊት አታወጣውም እንጂ ወሬው አንገሽግሿታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ወይ አለ፣ ወይ ነበር። ሁለቱ መሐል ላይ መኖር ሰልችቷት ነበር።

ባለአደራ ልሳኑ አስጠርቶ ከፊቱ ባቆማት ጊዜ ወገቡን ይዞ ነበር የሚናገረው፣ የእስር ቤት ወለል የተወለት ሕመም አለበትና።

«ልጄ፣ መሐላዬ አልጸናም። ያልጸና መሐላ ያለው ሹም ሹም አይደለም፤ ይህን እኔ ሳልሆን ሕጉ ነው የሚለው። ጎልማድም ሕጉን ያውቃል። ዝናቡ አባርቶ መንገድ ሲደርቅ፣ አገሩ ባለቤት የለውም ብሎ ይመለሳል። ነጎዲትን ከጎሳሚ ቤት የተወለደ ካልሆነ ሌላ ሰው አያስጮኻትም፤ ከዚያ ቤት የቀረሽው አንቺ ነሽ። አላዝሽም። እለምንሻለሁ።»

«እሄዳለሁ» አለች እልፍያ። ቀጥላም በአባቶቿ ወግ መሬት ነክታ ማለች፦ «ነጎዲትን ሳልይዝ ብመለስ እጄ ዱላ አይጨብጥ፣ ስሜ በጎሳሚ ቤት አይጠራ!» ምላ ስታበቃ የነጋሪቷ ነገር ከሐሳቧ እንደ ወጣና ወንድሟን ብቻ እያሰበች እንደ ማለች ታወቃት፣ ትንሽም አፈረች።

ባለአደራው ሁለት ሰው ሰጣት። አንደኛው ሊቀ ቃል ባሕርዩ ነው፣ የቤተ መንግሥቱ አፈ ጉባኤ፣ ከጠላት ጋር እንኳ ሲገናኝ የጠላትን ከብት ደህንነት ሳይጠይቅ ነገር የማይጀምር ጨዋ ሽማግሌ። ሚስቱ ወይዘሮ ለምለሚት ጨው ልትገዛ ሰዲር ሄዳ እንደወጣች ናት። ሁለተኛው ቆርጫ የሚባል ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ ላይ ቀለበት ያለበት የሸንጎው ወታደር ነበር። ነጎዲትን ከተሸከሟት አንዱ ስለሆነ መንገዱን ያውቃል።

«ሰዲር ነበርክ?» አለችው እልፍያ ገና ስታየው።

ቆርጫ ጣቱን ወደ ቀለበቱ ሰደደ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እልፍያም ዝምታውን እንደ መልስ ቆጥራ ጠላችው።

ጉዟቸውን የጀመሩት በጋልማ ነው። ጋልማ እግሩ የሰጎን፣ ፊቱ የፍየል የሆነ የጨው በረሃ እንስሳ ነው፤ ፍጥነቱን የሚያህል ጥጋብ አለው፣ ከሁሉ አስቀድሞም የጋላቢውን ቆብ ይበላል። ባሕርዩ ሁለት ቆብ ሲበላበት ለእንስሳው በጨዋ ቋንቋ ቅሬታውን አቀረበ። ቆርጫንም መንገዱን ሁሉ ይለክፈው ነበር።

«ወዳጄ፣ የአንተን ድምፅ ለመስማት ነው ለካ ነጋሪት ፍለጋ የወጣነው» ይለዋል። ቆርጫ ይስቃል፣ ግን አይመልስም።

በገደሉ አፋፍ ላይ የመርገጫ በር የሚባል መተላለፊያ አለ፤ የጎልማድ ጭፍሮች ይጠብቁት ነበር። እልፍያ እዚያ አለቀልን አለች። ባሕርዩ ግን ከጋልማው ወርዶ የጠባቂዎቹን አለቃ ሰላም ይለው ጀመር። እንዴት ሰነበቱ አለ። ልጆችስ አለ። ዝናቡስ እንዴት ነው፣ ከብቱስ ሣር አገኘ፣ ጉልበትዎስ፣ ያ ጉልበትዎ ሻል አለው? አለ። አለቃው ጉልበቱን የጠየቀው ሰው ካጣ ብዙ ዘመኑ ነበርና ስለ ጉልበቱ ሲያስረዳ፣ ባሕርዩም ስለ ጉልበቱ ሲያዝን፣ ጋልማዎቹ አልፈው ሄዱ። በኋላ ወታደሮቹ መንገደኞቹን ማን እንደሆኑ አልጠየቅናቸውም ብለው አለቃቸውን ቢነግሩት፣ «በጣም ጨዋ ሰዎች ናቸው» አላቸው ይባላል።

ከገደሉ ማዶ የጨው ሜዳው ተዘረጋ። እዚያ ቆርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተናገረ። ቀለበቱ የሚያንቀው ስለ ሰዲር ሲነሣ ብቻ ነው፤ ስለ በረሃው ማውራት አልተከለከለም።

«ነጎዲት ያለችው ቃርዳ ምሽግ ነው። የሚጠብቃት አውሬ ነው፣ አለሁ ባይ ይሉታል።»

«በእኛ ቤት አለሁ ባይ የሚባለው በክፉ ቀን ከጎንህ የሚቆም ሰው ነበር» አለ ባሕርዩ ቅር ብሎት።

«ሸንጎው ነው ስሙን ያወጣለት። የጠፋ ሰው ድምፅ ያወጣል። አባትህ ጠፍቶ ከሆነ በአባትህ ድምፅ፣ ልጅህ ከሆነ በልጅህ ድምፅ አለሁ ይልሃል። አትመልሱለት። አንዲት ቃል ከመለሳችሁ ትቀመጣላችሁ። የተቀመጠ አይነሣም።»

«አንድ ቃል አይወጣኝም» አለ ባሕርዩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

ቃርዳ ምሽግ ጣሪያ የለውም። ግቢው ውስጥ ሲገቡ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፣ ነጩ መሬት ዓይን ይወጋል። በግቢው ውስጥ ሰዎች ተቀምጠዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው፣ ጆሮአቸውን አዘንብለው፣ ደስ የሚል ወሬ የሚሰሙ ይመስላሉ። እልፍያ ጠጋ ስትል ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግር ጣታቸው ጨው መሆናቸውን አየች። ልጆቻቸውን ፍለጋ መንገዱን አግኝተው ከእነሱ በፊት የደረሱ እናቶች ናቸው። ከጨዋታው አንድ ቃል እንኳ እንዳያመልጣቸው የሰጉ ያህል ፊታቸው ጉጉ ነበር።

አውሬው ነጎዲትን ከቦ ተኝቷል። የበሬ ስፋት፣ የቀበሮ ክሳት አለው፤ ቆዳው የጨው ቅርፊት ነው፣ ዓይን አልፈጠረበትም። አፍ ግን ሞልቶታል፤ በጎኑ፣ በጀርባው፣ በብብቱ ሥር ይከፈታል ይዘጋል። ከአፎቹ አንዱ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ባሕርዩ» አለ በአንዲት ሴት ድምፅ። «አለሁ እኮ። እንዴት ዋሉ?»

የወይዘሮ ለምለሚት ድምፅ ነበር። የባሕርዩ ዓይን እንባ ሞላ፣ ከንፈሩን ግን ነከሰ፤ ስንት ዓመት የጠበቀውን ድምፅ ሰምቶ ዝም አለ። ይህን የሚያህል ጽናት ከእርሱ ማንም አልጠበቀም። አውሬው እንደገና፣ «እንዴት ዋሉ? ደህና ነዎት?» አለ። የባሕርዩ ፊት ይቀላ ጀመር። ሐዘኑን ችሎት ነበር፤ ያልቻለው ሰላምታውን ነው። ሰላም ያለውን ሰው ዝም ብሎ አይቶ አያውቅም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ወግ ነበር።

«ሰማይ ይመስገን» አለ ባሕርዩ፣ ሳያስበው። «እርስዎ እንዴት ዋሉ?» ብሎም ተቀመጠ። ጨው ከእግሩ ጣት ጀምሮ ይወጣበት ጀመር፣ እሱ ግን ስለ ሚስቱ ጤና እየጠየቀ ነበር።

እልፍያ ልትጎትተው ዞር ስትል ሌላ አፍ ተከፈተ።

«እልፍዬ! ወፍራም ድምፅሽ አሁንም አልቀጠነም?»

ታምራዝ ነው። ልክ እንደዚያ ነበር የሚያሾፍባት። ልጅቷ ባለችበት ቀረች፤ በዓለም ላይ ከዚያ ድምፅ ሌላ የሚሰማ ነገር ያለ አልመሰላትም።

«አለሁ እኮ፣ ምን ሆነሻል? ነይ ቁጭ በይ። እማዬ እንዴት ናት?»

ከሁሉ የከፋው ይህ ጥያቄ ነበር። እልፍያ መልሱን ያዘጋጀችው ብዙ ዘመን ነው። በየቀኑ ስለ አንተ ታወራለች፣ ጎመን አይወድም ትላለች ልትለው አፏን ከፈተች። ቆርጫ በሻካራ መዳፉ አፏን ያዘው።

«ስሚኝ» አላት። «ዓይኔን እያየሽ ስሚኝ። መርዶ ልነግርሽ ነው።»

እልፍያ ቀለበቱን አየች። መርዶ ምን እንደሚያስከፍለው ገባት፤ ራሷን ነቀነቀች፣ እሺ ማለቷም ይሁን አይሆንም ማለቷ ለራሷም አልታወቃት። ቆርጫ ጀመረ።

«ወንድምሽ በሰዲር ገበያ፣ ከነጎዲት ጎን...»

«አለ!» አለ አውሬው፣ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ።

ቀለበቱ አንድ ጊዜ ጠበቀ። ቆርጫ አየር ስቦ እንደገና ሞከረ።

«ወንድምሽን የእኛ ጦር ወደ ገበያው ድልድይ ሥር ወስዶ...»

«ሸሸገው! እዚያ አለ!» አለ አውሬው፣ አፎቹ ሁሉ በአንድነት እየሳቁ።

የዘንታር ቋንቋ የእኛን ቋንቋ ይመስላል፤ የነገሩ ማሰሪያ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሰውየው ይህን ሰው፣ እዚህ ቦታ፣ በዚህ ቀን እያለ ይቆይና ይሙት ይዳን የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። አለሁ ባይ የሚኖረው ከዚያች ቃል በፊት ባለችው ክፍተት ውስጥ ነበር። አገሩም ሁሉ ከሰዲር ወዲህ ማሰሪያ በሌለው ንግግር ውስጥ ሲኖር አውሬው እየወፈረ ሄዷል። መርዶ ደግሞ በወግ ከሩቅ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ የሚቀርብ ነገር ነው፤ ቆርጫም ጨዋ ለመሆን ሲሞክር እስትንፋሱ እያለቀበት ነበር። ፊቱ ጠቁሯል። በጉልበቱ ተንበረከከ። ሦስተኛ ዕድል እንደሌለው አውቆ ማንም የዘንታር ሰው ተናግሮት በማያውቅ አኳኋን፣ ነገሩን ከጅራቱ ጀመረው።

«ሞተ!» አለ። «ሞተ፣ ታምራዝ። ወጋነው፣ እኛ፣ ነጋሪቱን ሲመታ። ቀበርነው፣ ከድልድዩ በታች። አየሁ፣ እኔ።»

አውሬው ሊጨምር አፎቹን ሁሉ ከፈተ። የሚጨምርበት ቦታ አልነበረም፤ ነገሩ ገና ሲጀመር ታስሯል። አፎቹ እንደተከፈቱ ቀሩ።

«ማን ነው የወጋው?» አለች እልፍያ። ድምፁ ከእሷ መውጣቱን አላመነችም።

«አላውቅም። ነበርን፣ ሁላችንም።» ቆርጫ በእጁ ጨዉን ጨበጠ። «አለችኝ፣ እናት። ሐርቦ፣ ቆላው ውስጥ። አታውቅም፣ ምን እንደሆንኩ።»

ቀለበቱ ጨረሰው። እልፍያ በሁለት እጇ ይዛ ልታላቅቀው ታገለች፣ ብረቱም ጣቶቿን ሰነጠቃቸው። አልተላቀቀም። ስትጠላው የመጣችውን ሰው ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ በአውሬው ላይ ተራምዳ ወደ ነጎዲት ሄደች፣ በደማው እጇም ቆዳዋን ነካች።

«ታምራዝ ወንድሜ ነበር» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የሆነ ነገር ከውስጧ የተነቀለ ያህል አመማት፣ ዕረፍትም ተሰማት። ዱላ ፍለጋ አልሄደችም፤ በመዳፏ መታቻት። ነጎዲት ጮኸች። ምሽጉ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ በጨው ሜዳው ላይ ሮጦ ከአድማስ ወዲያ ወረደ። አለሁ ባይ ከጅራቱ ጀምሮ ተፈርፍሮ ተራ ጨው ሆነ። ተቀምጠው የነበሩት እናቶችም ዝቅ ዝቅ አሉ፣ ነፋሱም ወሰዳቸው። ጨዉ ገና ጉልበቱ ላይ የደረሰው ባሕርዩ ብቻ ነቃ። ሚስቱን ሰላም ብሎ እንዳልጨረሰ ሲያውቅ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እግሮቹም ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ልብ አልታዘዙለትም።

ቆርጫን እዚያው ቀበሩት። ባሕርዩ የመቃብር ንግግር ጀምሮ ሊቀጥል አልቻለም።

ነጎዲትን በጋልማዎቹ ጭነው ሲመለሱ የዘንታር መንገድ ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። ነጎዲት በጮኸችበት ሰዓት የወታደሮቹ ቀለበት ሁሉ ከየአንገታቸው ወድቆ ነበር። በመርገጫ በር ላይ ያ ጉልበቱን የሚያመው አለቃ ብቻውን ተቀምጧል፤ ወታደሮቹ ጥለውት ሄደዋል። ወዴት ቢሉት፣ «መርዶ ሊናገሩ» አለ። ያየ ሰው ሁሉ ያየውን ተሸክሞ ወደየደጁ እየሄደ ነው። አንዳንዱ በር ሳያንኳኳ ቆሞ ይውላል፤ አንዳንዱ ተደብድቧል፤ አንድ ሁለቱ እንጀራ ቀርቦላቸዋል፣ መብላት ግን አልሆነላቸውም። የጎልማድ ጦር የተበተነው ማንም ሳይወጋው እንዲህ ነው። ጎልማድ በርስቱ ላይ ምግብ አብሳዩ ብቻ ቀርቶለት ነበር፣ እሱም በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

ሐመልዋ አደባባይ ላይ ነጎዲት በቆመች ጊዜ ባለአደራ ልሳኑ ወደ እልፍያ ጎንበስ አለ።

«ልጄ፣ ሕዝቡ ብዙ ዘመን ደስታ አላየም። የመሐላውን ምት አስቀድሚለት፤ ሐዘኑ ነገ ይደርሳል።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሹም ሁሉ የሚቸኩልበት ነገር አለው፣ እሱም የቸኮለው ለመልካም ነበር።

«ጌታዬ፣ ሐዘኗን በአደባባይ ካላወጣች ለእርስዎ አትጮህም» አለች እልፍያ። «እኔም አልመታልዎትም።»

ባለአደራው አየት አደረጋት። ዳኛ ነበርና የተፈረደበትን ያውቃል። የሹመት ካባውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወገቡ ታመመ፣ ቢሆንም ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«የዘንታር ሰዎች ሆይ! በሰዲር ሰው ሞቷል። የገደላቸው መንግሥት ነው። ያ መንግሥት እኔ አልነበርኩም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን መንግሥት እኔ ነኝና መርዶውን የምነግራችሁ እኔ ነኝ። ወንድሞቻችሁ ነበሩ። ልጆቻችሁ ነበሩ። ነበሩ!»

እልፍያ ጎሰመች። ያን ቀን በሐመልዋ የተለቀሰውን ለቅሶ የሰሙ ሰዎች አሁንም ሲያወሩት ድምፃቸው ይቀንሳል። ሲበቃ ባለአደራው ቆሞ ማለ፣ የመሐላው ምትም ተመታ፤ እልል ያለ ግን ጥቂት ነው። መሐላው ጸና። አገሩም ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛውም አገር ጥሩም መጥፎም እየሠራ ኖረ።

እመት ሐመር አደባባይ አልወጣችም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ እልፍያ በወጉ መሠረት ሽማግሌዎች ይዛ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ ባሕርዩ በምርኩዝ እየተራመደ ከፊት ነበር። እመት ሐመር በሩን ከፍታ አየቻቸውና «ግቡ» አለች። ተቀመጡ። ባሕርዩ ጉሮሮውን ጠርጎ ከሩቅ ጀመረ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ሰው ሁሉ እንግዳ ስለ መሆኑ።

«ሊቀ ቃል፣ አይድከሙ» አለችው እመት ሐመር። «ልጄ ሞቷል። ከዚያች ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

እልፍያ ወደ እናቷ ዞረች። «ታዲያ ለምንድን ነው ያን ሁሉ ዘመን አለ ስትዪኝ የኖርሽው?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ! አዎ እማዬ ስትዪኝ ደስ የሚልሽ መስሎኝ።»

«እኔ ደግሞ ለአንቺ ብዬ ነበር አዎ የምልሽ!»

እናትና ልጅ ተያዩ። ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ሽማግሌዎቹም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ብዙ ከቆዩ በኋላ እመት ሐመር ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች።

«ማን ነገረሽ?»

«ከገደሉት አንዱ።»

«አሁን የት አለ?»

«የለም። ለእኔ ሲነግረኝ ሞተ።»

እመት ሐመር እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን አየች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ዋጋውን አገኘ» ሊል ሲጀምር ባሕርዩ በምርኩዙ እግሩን ነካው።

«እናት አለችው?» አለች እመት ሐመር።

«አለችው። ሐርቦ፣ ቆላ ውስጥ ነው ያለችው። ምንም አታውቅም።»

እመት ሐመር ተነሣች። ጥቁር ኩታዋን ከመስቀያው አወረደች፣ ለመንገድ የሚሆን ዳቦ በጨርቅ ቋጠረች፣ ጫማዋን ፈልጋ አደረገች። ሽማግሌዎቹ ወዴት ነው ብለው ሲንጫጩ ሁሉንም ወደ ውጭ አስወጥታ በሩን ሳበችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ስሙ ማን ነበር?»

«ቆርጫ» አለች እልፍያ። የሐርቦንም መንገድ ጀመሩት።